የአማቴ የፉጉ ሾርባ

ሰኔ 2
ልብስ አጠብኩ፣ የባሕር ሣር አሰጣሁ። ውኃው ሞልቶ ፉጉዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ዳር ወጥተዋል። መዳፍ የማይሞሉ ዓሦች... በመቶ የሚቆጠሩ፣ ጠጠሩ ላይ ይንፈራገጣሉ። አንዱን ስነካው እንደ ኳስ ተነፋ።
አማቴ ጌንኪቺ ቆመው ያያሉ። "ሾርባቸው ይጣፍጣል።"
"አባባ፣ መርዝ እኮ ናቸው!"
"የተራራ ልጅ ዓሣ ልታስተምሪኝ ነው?"
ወደ ባሕር ሣሬ ተመለስኩ። ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመት፤ ሁሌም እንዲህ ነን።

ሰኔ 3
እህቴ ከኦሳካ ጻፈች። "ካዮ፣ ሥራ ተገኝቷል፤ ቶሎ ነይ።" ለእሳቸው እንዴት ልንገር? ብቻቸውን ናቸው...

ሰኔ 5
ከገበያ ስመለስ ሾርባውን ሠርተው በልተዋል። "ላንቺም አስቀርቻለሁ" አሉኝ። ከንፈራቸው ደንዝዞ ነበር። ይስቃሉ! አምቡላንስ ጠራሁ። እጃቸው ዛለ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ፣ ከዚያ ትንፋሻቸው ቆመ። አፌን አፋቸው ላይ ገጥሜ ነፋሁ። ስንት ደቂቃ? አላውቅም። የአምቡላንሱ ሰዎች ጎትተው አላቀቁኝ።

ሰኔ 6
ሆስፒታል። የሚተነፍስላቸው ማሽን ነው። እንደ እንጨት ደርቀዋል። የሚሰሙኝ አልመሰለኝም... ሁሉንም አፈረጥኩት። "ሦስት ዓመት ገረድ እንጂ ልጅ አልሆንኩዎትም! ኦሳካ ልሄድ ነው። ግን አሁን እንዳይሞቱብኝ!"
ከሰዓት ነርሷ መጣች። "አይዞሽ፣ መርዙ ሰውነታቸውን ነው ያሰረው። አእምሯቸው ነቅቷል፤ የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ።"
ሁሉን?

ሰኔ 7
ቱቦው ወጣ። ውኃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔም ሰምተውኝ እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።

ሰኔ 10
ቤት ገባን። ጫማ ሳያወልቁ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።
"መሄጃ የሌለሽ መስሎኝ ነበር" አሉ ድንገት።
"አባባ..."
"ካለሽ ለምን ቆየሽ?"
ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን ፈታሁላቸው።
"ልጄ ቢያይ ያፍርብኝ ነበር" አሉና ተነስተው ገቡ።

ሰኔ 24
ባቡር ውስጥ ነኝ። በምርኩዝ ጣቢያ ድረስ ሸኙኝ። በጨርቅ የታሰረ ምሳ ሰጡኝ። "ሩዝና እንቁላል ነው። ዓሣ የለበትም።" ሁለታችንም ሳቅን፤ እሳቸው ቀድመው ዓይናቸውን ጠረጉ።
"በነሐሴ ለሙታን በዓል እመጣለሁ" አልኳቸው።
"ማን ጠራሽ?"
ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ግን በመስኮቱ በኩል ቀኑን ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ።