በጋዝ አንሞቅም

ለምወድህ ወንድሜ ለቨርነን፦

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ የሞንታና በረዶ ግን የተጎታች ቤታችንን መስኮት ሸፍኖታል።

እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው! የጋዙን ማሞቂያ አስነቅዬ የኤሌክትሪክ ገዛሁ። ቢገለበጥ በራሱ ይጠፋል፤ ሳይዘጉት ቢረሱትም ቤት አያፍንም። ባሌ ክላይድ ግን አኮረፈኝ። "ዕድሜ ልካችንን በጋዝ ሞቀን፣ ዛሬ ምን ተገኘ?" ይለኛል። ምን ልበለው? "ሽታው ራሴን ያመኛል" አልኩት። የጋዙን ሲሊንደር አውጥቼ ለሰው መስጠቴን ብነግረውም፣ "ማን ሰረቀኝ?" እያለ ጠዋትም ከሰዓትም በረዶው ውስጥ ይፈልገዋል።

ትናንት ደግሞ የተጎታች ቤቶቹ ግቢ ኃላፊ ዳርል መጣ።

"ሴትዮ፣ ያንቺ ማሞቂያ የጎረቤቱን ሁሉ መብራት እያጠፋ ነው፤ ንቀይው! ሰው ሁሉ በጋዝ ይሞቅ የለም እንዴ?"

"አንተ ያረጀ ሽቦህን ቀይር! እኔ ጋዝ ቤቴ አላስገባም አልኩህ፣ አላስገባም!" ብዬ ጮህኩበት።

ይሄኔ ክላይድ ከውስጥ ወጣና በትህትና፣ "ጌታዬ፣ እባክህ እኚህን ሴት አታስቸግራቸው። ሚስቴ ሎርና ስትመጣ ከእሷ ጋር ትነጋገራላችሁ" አለው።

ዳርል ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ለእኛ ብቻ አዲስ የመብራት መስመር ዘረጋልን። ተከራክሬ ባሸንፈው ይሻለኝ ነበር! ማን እዘንልኝ አለው?

ቤቱ አሁን ሞቋል። ክላይድን ሰላም ብዬልሃለሁ፤ ስምህን ስጠራለት እስካሁን ፈገግ ይላል። በጋ እስኪገባ አትጠብቅ፣ ቶሎ ናልን።

እህትህ ሎርና