የአርባዋ ጠላ

ማክሰኞ፣ ጥር 14

የባለቤቴ የየሺ አርባ የሚውለው በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። የተዝካሯን ጠላ የምጠምቀው እኔ ነኝ። ከዚህ በፊት ጠምቄ አላውቅም። ይህ መጀመሪያ ካልተጻፈ ቀሪው ትርጉም የለውም።

ሴቶቹ ይጥመቁት የሚለኝ በዝቷል። ምክንያቴን ለማንም አልተናገርኩም። በቀብሯ ማግስት፣ ሰው ቤቱን ሞልቶ ሳለ፣ ከወገዳ የመጡት ታላቅ እህቷ እቴ ሙሉ “ይህች ልጅ ሠላሳ ዓመት ከጋን ጋር ስትታገል አንድ ቀን ደግፈሃት ታውቃለህ?” አሉኝ። ደግፌያት አላውቅም። ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

ጋኑ የእናታቸው ነበር፤ ለየሺ በሠርጓ የሰጧት። ቅዳሜ በግራዋ ቅጠል አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ ጌሾውን ጠነሰስኩ። ዛሬ አራት ጣሳ ብቅል ገባ። እንኩሮውን ራሴ ምጣድ ላይ አነኮርኩ፤ ግማሹ አረረ። የግራ አውራ ጣቴ ተልጧል። የሺ መጠን ጽፋ አታውቅም። የምትለካው በእፍኟ ነበር፤ የእኔ እፍኝ ደግሞ ከእሷ ይሰፋል።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ጠዋት በአንድ ሰዓት አረፋው ሁለት ጣት። በአራት ሰዓት አራት ጣት። በስድስት ሰዓት ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ አልቀመስኩም። ስቀምሰው መራራ ነው፤ ያረረው እንኩሮም ይሸታል።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩዬ ብቅ ብለው ሳቁብኝ። “መምህር፣ ሰዓት ይዘው ጋኑን እየፈተኑት ነው?” ከዚያ ወደ ውስጥ አዩና “አፉ ድረስ ሞልተውታል፤ ይገነፍላል” አሉ። መጠኑን የጻፍኩበትን ወረቀት አሳየኋቸው።

“ይሁን፤ ጠላው ግን ወረቀቱን አላነበበውም።”

ሐሙስ፣ ጥር 16

ገነፈለ። ጠዋት ስነሣ አረፋው በጋኑ ጎን ወርዶ ወለሉን አርሶታል። ዝንብ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ውስጡ ይንተከተካል። ኃይሉ ሁሉ ወጥቶ ያልቃል ብዬ ፈራሁ፤ ለአርባዋ ውኃ ላቀርብ ነው።

የሺ የጋኑን አፍ በጭቃ ስትመርግ አይቻለሁ። እኔም ፌስታል ደርቤ፣ በሽቦ ጠፍሬ፣ በጭቃ መረግሁት። ከላይ የወፍጮውን መጅ ጫንኩበት። ብርድ እንዳይመታው በጋቢዋ ጠቀለልኩት።

ከሰዓት በኋላ መፍሰሱ ቆመ። ሰው ሆንኩ መሰለኝ። ምሳዬን ከሰሞኑ ሁሉ የተሻለ በላሁ።

ዓርብ፣ ጥር 17

ከኪዳን ስመለስ ሽታው ከደጅ ተቀበለኝ። ጋኑ ከሆዱ እስከ አንገቱ ተሰንጥቋል። ጋቢው ድፍድፍ ጠጥቶ ከብዷል። መጁ እንዳለ ነው። ጭቃውም እንዳለ ነው።

ለሠላሳ አራት ዓመት እርሾ ስኳርን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጣል እያልኩ አስተምሬያለሁ። ጋዙ መውጫ ይፈልጋል የሚለውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ አሳይቻለሁ። ያላወቅሁት ነገር አልነበረም።

ወይዘሮ ጥሩዬ ዛሬ አልሳቁም። ጨርቅ ይዘው ተንበረከኩና ወለሉን አብረውኝ ጠረጉ። “እየፈላ ማን ያፍነዋል፣ ጌታዬ? የሺ እስኪሰክን ድረስ በጨርቅ ብቻ ነበር የምትሸፍነው። ጭቃው የመጨረሻ ነው” አሉ።

ስትመርግ አይቻለሁ። መቼ እንደምትመርግ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ሲሶ ያህል ተርፏል። ወደ ፕላስቲክ በርሜል ገለበጥኩት። ስንጥቁ ይጠገን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። “ከእንግዲህ እህል ይያዝበት እንጂ” አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

በርሜሉ ውስጥ አሁንም ይፈላል። የሸፈንኩት በነጠላ ጨርቅ ነው። ቀመስኩት። መጨረሻው ላይ ይኮመጥጣል፤ ገና ጥሬ ይሁን የተበላሸ፣ መለየት አልቻልኩም። ወይዘሮ ጥሩዬ “ገና ነው፤ ለአዲሱ እርሾ ይሆናል” ይላሉ። አንዲት የዕድራችን ሴት ደግሞ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና “ይህስ ሞቷል” አሉ።

የሺን ጠላ ያስተማሯት እቴ ሙሉ ናቸው። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሡም። ነገ ማለዳ ወገዳ የሚሄድ መኪና አለ። እነዚህን ገጾች ቀድጄ ከአንድ ጠርሙስ ጋር ለሾፌሩ እሰጣለሁ። የጠርሙሱን አፍ በጨርቅ ነው የወተፍኩት።

እቴ ሙሉ፣ የእናትዎን ጋን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እጁን አላስገባም። በቁጣ ብቻ እንዳያነቡኝ፣ ነገሩን ከመነሻው ጀምሮ እንዳለ ልኬዋለሁ። ጠርሙሱን ይቅመሱትና የሚድን ወይም የሚደፋ መሆኑን ይንገሩኝ። ሰኞ ካለፈ ለሐሙስ የሚደርስ አዲስ ድፍድፍ አይኖረኝም። ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል። ባይመጡም ሰኞ በዚያው መኪና አንድ ቃል ይላኩልኝ፤ እስኪደርስ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃለሁ።