ትጉ እስክትገላገል

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 2፡40

ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ከቄራ ወደ ካዛንቺስ። ፊደሌ ይዘላል፣ ቻይኝ እንግዲህ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ እያነበበሽ ነው። ያንብብ። ምን ያገኛል?

ዛሬ የፊልም ፌስቲቫሉ ወርክሾፕ ይጀምራል። ጠዋት ንግግር፣ ከሰዓት ሥልጠና፣ ቅዳሜ ኅዳር 20 መዝጊያ። መዝጊያው ላይ የእኔም ፊልም ይታያል። «የታጠበ ልብስ»፣ ከሥሩ ስሜ። ፕሮግራሙ ላይ ሁለቴ አነበብኩት። አጭር ፊልም ናት፣ ግን ሦስት ዓመት በልታኛለች።

ደረስኩ። ወራጅ አለ!

ያው ቀን፣ ማታ

ባጅ ሰጡን። «ገለልተኛ ፊልም ሠሪ» ይላል። እማዬ አገላብጣ አየችውና ከማን ተጣልተሽ ነው የተገለልሽው አለችኝ። ከሁሉም አልኳት።

ካዛንቺስ ወርጄ መንገድ ጠፋኝ። ስንት ቀን የዋልኩበት ሰፈር! ወደ ጓደኛዬ፣ ወደ እነ ትጉ ቤት የምንታጠፍበት ጠጅ ቤት የለም። መታጠፊያው ራሱ የለም። ሰፊ መንገድ፣ ሣር፣ መብራት። ፊልሙን የቀረጽንበት ግቢያቸው በእኔ ግምት አሁን የብስክሌት መንገድ ነው። ቆንጆ ሆኗል፣ አልዋሽም። ብቻ እኔን አላወቀኝም።

ሊያ የምትባል የፌስቲቫሉ አስተባባሪ አለች። ጥግ ወስዳ ነገረችኝ፦ መዝጊያው ላይ ከሚታዩት ፊልሞች አንዱ ይመረጣል፣ ለሠሪው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ያሠሩታል። ዳኞቹ የሚያዩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ከሰዉ ጋር ነው። ያንቺ ጥሩ ዕድል አለው አለችኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው። እንዳታሟርቺብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የኤዲቲንግ ሥልጠና። አሰልጣኛችን ሳምሶን ይባላል። ውጭ ኖሮ የተመለሰ፣ አዳራሽ ውስጥም ባርኔጣውን የማያወልቅ ሰው። ከእያንዳንዳችን ፊልም አንድ ትዕይንት ይመርጥና ያሳያል፣ ከዚያ ሥጋችንን ይዘለዝለዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሊያለቅስ ትንሽ ነበር የቀረው።

ከእኔ የመረጠው ለቅሶውን። ያው ታውቂዋለሽ፣ ስንት ጊዜ ጽፌልሻለሁ። ልጇ የሞተባት ሴት የልጁን ልብሶች አጥባ ታሰጣለች። አንዷን ቢጫ ሹራብ ልታሰጣ ታነሳና አትችልም። እርጥቡን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬት ትቀመጣለች። ከዚያ ድምፅዋ ይወጣል።

ሳምሶን መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። አንዲት ፍሬም እንዳትነኪ አለኝ። ተዋናይዋ ትወና የት ተማረች? ካዛንቺስ አልኩት። ሁሉም ሳቀ።

ምን ልበለው? ትጉ ተዋናይ አይደለችም፣ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ስለሆነች እምቢ ማለት አቅቷት ገባች። ሹራቧም የራሷ ነበረች። ለመጀመሪያው፣ ለጨነገፈባት ልጅ የገዛቻት። በቀረጻው ቀን በፌስታል አምጥታ ይቺን እንጠቀም አለችኝ። ማንም አልጠየቃትም። ያን ቀን ስታለቅስ ጎረቤት የእውነት መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢው ድረስ ገባ። ካሜራውን ሲያይ ሰደበን።

ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል። ደስ ማለቱ ራሱ ትንሽ ያሳፍራል።

አርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው፣ ሰዉ በየደጁ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ከተማው በጭስ ታፍኗል። ዓይኔ ይቆጠቁጠኛል። በጭሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ትጉ ደወለች። ሻይ ዕረፍት ላይ ነበርኩ። የፌስቲቫሉ ፖስተር ቴሌግራም ላይ ወጥቷል፣ ፖስተሩ ላይ ደግሞ እሷ አለች፣ ቢጫዋን ሹራብ አቅፋ። አማቷ እትዬ አስካለ ከሰው ስልክ ላይ አይተውታል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት አይደለም።

ትጉ ስድስተኛ ወሯ ነው። ከፊልሙ በኋላም አንድ ሌላ ጨንግፎባታል፣ ይሄ ሦስተኛዋ ነው። እትዬ አስካለ እንደሚሉት፣ ሴት ሆዷ ገፍቶ ሳለ የልጅ ለቅሶ ስታለቅስ በአደባባይ ማሳየት ሟርት ነው። ሞትን በገዛ እጅ መጥራት ነው። ትጉም እስክገላገል ብቻ፣ ከዚያ መቶ ጊዜ አሳዪው አለችኝ።

ፌስቲቫሉ የመውለጃ ቀንሽን አይጠብቅም አልኳት። አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት፣ ኩኪስ እያኘኩ። ዘጋችው። መልሼ ስደውል አታነሳም።

ምን ዘመን ላይ ነን? ኧረ በፈጣሪ! ፋርማሲ የምትሠራ ሴት!

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከየት ልጀምርልሽ።

ነገ ጾም ስለሚገባ ዛሬ ቅበላ ነው፣ ቄራ ሰልፉ አስፋልት ወጥቷል። እማዬ በጠዋት ሥጋዋን ገዝታ ገብታለች። እኔ በፒጃማ፣ ግማሹ ጸጉሬ ተፈትቶ ግማሹ ሳይፈታ። በሩ ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ያለ ፊቷን አይቼው አላውቅም። ደጁ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋቢ ለብሰው።

አይ እማዬ! ልጄን ሊጠይቁ መጡ ብላ እኮ ነው። በዓይኗ ልበሺ፣ ልበሺ ትለኛለች። እኔም ደንግጬ ቀሚስ ለብሼ ወጣሁ፣ ጸጉሬን እንዳለ ነጠላ ጣል አድርጌበት። ቁጭ በሉ አለቻቸው። የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም አሉ። የእማዬ ዓይን እንባ ሞላ። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። እኔ ግን ሻምበልን አየኋቸው፣ የእነ ትጉ የድሮ ሰፈር የእድር ሊቀመንበር። ከእሳቸው ቀጥሎ ጋሽ ከድር፣ ስንቀርጽ የሱቁን ሬዲዮ የሚያጠፋልን። ሦስተኛው የትጉ የነፍስ አባት። ያኔ ገባኝ።

ሻምበል ጀመሩ። ስለ አንድ ፊልም ልንለምን ነው የመጣነው። እማዬ የምን ፊልም አለች። ደግመው ነገሯት። ቀስ ብላ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ሳቅ መጣብኝ፣ ማለቴ የጭንቅ ሳቅ፣ ነክሼ ያዝኩት።

በየተራ ተናገሩ። አባ ቤተ ክርስቲያን ሟርት የሚባል ነገር አትቀበልም፣ ግን ልጅቷ ሰላም አጥታለች አሉ። ሻምበል እኔ እንኳ ወታደር ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር አላውቅም አሉ። ጋሽ ከድር፦ «እኔም አላምንበትም ሶሲዬ። ግን እንቅልፍ አጥታ ስታድር ምን ልበላት?» አንዳቸውም አያምኑበትም። ሦስቱም ግን መጥተው ቆመዋል።

ላስብበት አልኩ። ቆሙ። ሥራዬ እኮ ነው፣ ሦስት ዓመት አልኩ። እናውቃለን ልጄ አሉና ቆሙ። አባ በዱላቸው ተደግፈዋል፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ማን ይችላል ይሄን? እማዬ «ሶስና!» አለች፣ አንዴ ብቻ።

እሺ አልኩ።

ተቀመጡ። መረቁኝ። ጥብሱ መጣ፣ ለጋሽ ከድር ብቻ እማዬ እንቁላል ጠበሰችለት። ሲሄዱ በሩ ድረስ ሸኘቻቸው፣ ተመልሳ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ እኔ እኮ መስሎኝ ነበር አለች። ምን እንደመሰላት አልጨረሰችም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ምሳ ሰዓት

ለሊያ አልነገርኳትም። እሺ ያልኩት ተገድጄ ነው፣ አይቆጠርም። ይቆጠራል እንዴ? ንገሪኝ እስቲ አንቺ።

ለሳምሶን ሹክ አልኩት። ፊልሙ እንዲታይ ፈርማለች? አለኝ። ፈርማለች። እንግዲያው መብትሽ ነው አለ፣ አለቀ። ጠዋት የሰማነው ንግግርም ስለ መብት ነበር፣ ሴትዮዋ በስክሪን እያሳየች በደንብ አስረድታናለች። ሽማግሌ ሲቆምብሽ ምን ታደርጊያለሽ የሚለው ግን አልነበረበትም። ሳምሶንን ጠየቅኩት። ወንበር አቅርቢላቸው አለኝ። አይ ሳምሶን! ከአገር ርቀህ ቆይተሃል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ለቅሶውን ቆረጥኩት። ለመሞከር ብቻ፣ ኮፒው ላይ። ስፌቱ አይታወቅም፣ ሳምሶን ያስተማረን ሠርቷል። አየሁት። አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ታጥፋለች። የሳሙና ማስታወቂያ ሆኗል። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ሊያ ምን ሆነሻል ስትለኝ አወጣሁት። ጥሩ ልጅ ናት፣ አልተቆጣችም። በሌላ ተዋናይ ደግመሽ ቅረጪው አለች። የት? ግቢው መንገድ ሆኗል። ሹራቧም ቤቱ ሲፈርስ በዕቃ መሐል ጠፍታለች፣ ትጉ ያኔ ደውላ ነግራኛለች። የቀረው ፊልሙ ላይ ያለው ብቻ ነው። እስከ አርብ ወስኚ አለችኝ ሊያ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ትጉ ራሷ ቀጠረችኝ። ደምበል፣ ጁስ ቤት። ጎኗን ይዛ ስትገባ አየኋትና ያጠራቀምኩት ንዴት ሁሉ ጠፋኝ። በጣም ከስታለች፣ ሆዷ ብቻ ነው ያለው። አቮካዶ አዘዘች፣ አልጠጣችውም።

ስለ ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ጠየቀችኝ። የላኩት እትዬ አስካለ ናቸው። ስለ እማዬ ስነግራት አፏን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። እንደ ድሮው። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ነገር የሚስተካከል መሰለኝ።

ከዚያ ያለችውን እንዳለ ልጻፈው፣ እንዳልረሳው። «እኔ አላምንበትም ሶሲ። ግን ልጄ አንድ ነገር ቢሆን፣ ጥፋተኛ ስፈልግ የማገኘው አንቺን ነው። አንቺን መጥላት አልፈልግም።»

በልቤ፦ ተቆጪኝ፣ ልቆጣሽ። ተሳደቢ፣ ልሳደብ። እሷ ግን ቁጭ ብላ ስትሮውን ታሽከረክራለች። እሺ ሳልላት እምቢም ሳልላት ታክሲ አስያዝኳት።

አርብ፣ ኅዳር 19

አወጣሁት። ጠዋት 3፡00 ላይ ለሊያ ነገርኳት። ከፕሮግራሙ ላይ ስሜን እስክትሰርዝ አጠገቧ ቆምኩ። በቦታዬ የዚያን የተዘለዘለውን ልጅ ፊልም አስገቡ፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት እጄን ሦስቴ ጨበጠኝ። ሳምሶን ባርኔጣውን አወለቀ፣ እውነቴን ነው፣ አወለቀና ራሱን አከከ። ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት አለ። ረጅም ፊልሙን በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይጠብቅልኝም፣ እሱም ያውቃል።

ጥሩ ሰው ነኝ እንዳትዪኝ። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። አቅም አጥቼ ነው። ተናድጃለሁ፣ በእትዬ አስካለ፣ በሽማግሌዎቹ፣ በእማዬ፣ በአቮካዶው ሳይቀር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ማታ

መዝጊያው 10፡00 ላይ ነበር። አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ላፕቶፕ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ፣ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ እስከ ትጉ አዲሱ ኮንዶሚኒየም። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቂኝ። ልጣላት ይሁን ልያት አላውቅም።

እትዬ አስካለ በሩን ከፈቱ። ሲያዩኝ ጉልበቴ ላይ ሊወድቁ ደረሱ፣ ኧረ ይተዉ እትዬ ብዬ ያዝኳቸው። ሽሮ ቀረበ። መረቁኝ፣ ልጅሽን ያሳቅፍሽ አሉኝ፣ ከዚያ ጎረቤት ማኅበር አላቸውና ሄዱ። ሁለታችን ቀረን።

ትጉ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። አሳዪኝ አለች።

ምኑን?

ፊልሙን። ካለቀ በኋላ አላየሁትም እኮ። እሳቸው ሳይመለሱ። ሹራቧን ላያት እፈልጋለሁ አለች። ያኔ ለማን እንዳለቀስኩ አንቺም ታውቂያለሽ ሶሲ፣ ከእሱ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፣ እሷም አንቺ ጋ ነው ያለችው። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፣ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ። ቦርሳው መሐላችን ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩት ይሄን አልነበረም? እኔ አላምንበትም። በፍጹም አላምንበትም። አንዲት ተመልካች፣ ፊልሙ የሚገባትም እሷው፣ ራሷ ለምና።

ላፕቶፑን አዳራሽ ትቼው መጣሁ አልኳት።

ቦርሳውን አየችው። እኔን አየችኝ። እሺ አለች። እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው፣ ይራገጣል፣ ከታች በግራ በኩል።

አሁን ቤት ነኝ። ማን እንደተመረጠ ሊያ ጽፋልኛለች፣ አልከፈትኩትም። ወስኛለሁ፦ እስክትገላገል ድረስ ለማንም አላሳይም። ለእሷም። እኔም አላየውም። ስትገላገል ግን መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት፣ ልጇን ታቅፋ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልተኛ። ትጉ ውሃ ልታመጣ ስትነሳ ቦርሳውን ከሶፋው አንስቼ፣ ወስጄ በሩ ጋ አስቀመጥኩት። ከሆዷ ራቅ እንዲል።