ለአሰልጣኙ መነሣት የተሳልሁት ዣንጥላ

ለምወድህ ልጄ ለወጋየሁ፦ የሀና ማርያም ከለላ አይለይህ። አባትህ ግዛው፣ እኅትህ ትሩፋት፣ የመካኒሳዋ አክስትህ ብርነሽም በናፍቆት ሰላም ይሉሃል። ሁላችንም ደኅና ነን፤ የአባትህም ደም ብዛት ጋብ ብሏል።

እኔ ግን ኅሊናዬ ዕረፍት አጥቷል። አባትህ የሚደግፈው የእንግሊዝ ክለብ በተሸነፈ ቁጥር «ይህ አሰልጣኝ አሰላለፍ አያውቅም!» እያለ ከሬዲዮው ጋር ሲጣላ ደሙ ይነሣበት ነበርና፣ «ሰውየውን ከዚያ ቦታ ካነሣሽልኝ ዣንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ለማርያም ተሳልሁ። ሳምንት ሳይሞላ ተባረረ። አባትህ ጨፈረ፤ እኔም ዣንጥላውን ገዛሁ። ኋላ አንተ ከዚያው ከእንግሊዝ በላክኸው ጋዜጣ ላይ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አየሁት። ቀበሌ ስብሰባ ተቀምጬ እንኳ ፊቱ ይመጣብኛል። የሰው እንጀራ የዘጋ ስለት እንዴት ይገባል?

ይህን የሚጽፍልኝ ተከራያችን ቦጋለ፣ «እትዬ ውብነሽ፣ አሰልጣኝ መባረር ልማዱ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። «አንተን ከሥራ ቢያባርሩህ አገር ቤት ያለችው እናትህ ትስቃለች?» ስለው ሳቁን ትቶ መጻፉን ቀጠለ።

እባክህ ልጄ፣ ሰውየው ሌላ ሥራ አግኝቶ እንደሆነ ጠይቅልኝ። ለአባትህ ግን እንዳትነግርብኝ። አንተም በሰው አገር የምትበላውን እንጀራ የማንም እናት ስለት አይንካብህ። መልስህን ሳትውል ሳታድር ላክልኝ፤ እስከዚያ ዣንጥላው ከቁም ሳጥን አይወጣም።

እናትህ ውብነሽ