አንሶላ አጣፊው ማሽንና እትዬ መብራት

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? የሐዋሳው ሙቀት እንዴት አድርጎዎታል? እትዬ ውድነሽስ? ልጆቹስ? የሁለት ሺህን በዓል እንዴት ዋላችሁ? እኔ ብርዱ ካልሆነ በቀር፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ደመወዝ ተጨመረላችሁ ሲሉ ሰማሁ፣ እንኳን ደስ አለሽ ብለው ጽፈውልኛል። እውነት ነው፤ መንግሥት ሚኒመም ዌጅ የሚሉትን፣ ከዚያ በታች መክፈል የማይቻለውን የሰዓት ክፍያ፣ ከበዓሉ በፊት ከፍ አድርጎታል። ግን ጣጣም አመጣ።

እንደሚያውቁት እዚህ ካልጋሪ፣ ኦግደን የሚባል ሰፈር ያለ ላውንደሪ ውስጥ የሆቴል አንሶላ ነው የምናጥፈው። እኔና እትዬ መብራት ጫፍና ጫፍ ይዘን ስናጥፍ ዓመታት አለፉ። የአስመራ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። ክፍያው ሲጨምር ባለቤቱ የሚያጥፍ ማሽን ገዛ። ለነገሩ ክፍያው ብቻም አይደለም፤ በሰሜን በኩል ያለው የነዳጅ ማውጣት ሥራ ጉልበት ያለውን ሁሉ ወስዶበት ሰው አጥቶ ነበር። ማሽን ደግሞ አያመውም፣ የተሻለ አገኘሁ ብሎም አይሄድም። አንሶላውን ለማጉረስ አንድ ሰው ይበቃል፤ ሌላዋ ትሰናበታለች።

ማናጀሩ ሁለታችንን ጠርቶ ማሽኑ ላይ መሥራት የምትፈልገው ማን ናት አለን። እትዬ መብራት ፈጠን ብለው "ኖ ኖ፣ እሷ ትሁን" አሉ። እኔም እሳቸው እያሉማ ብዬ "ኖት ሚ፣ ሺ" አልኩት። እንዲህ ስንገባበዝ ሰውየው ሁለታችንም እንደማንፈልግ ቆጥሮ፣ እንግዲያው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብሎን ሄደ። እኛ አገር ቢሆን ደጋግሞ ይለምን ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብተን ተያየን። "አንቺ ሞኝ፣ ዝም ብለሽ እሺ አትይም?" ብለው ተቆጡኝ። እርስዎስ ብላቸው፣ "ልቤማ ፈልጎ ነበር፤ አፌ ነው እንቢ ያለኝ" አሉ። ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ግን የእሳቸው ነገር አሳሰበኝ። ስልሳ ሊሞላቸው ነው፣ እንግሊዝኛውም የለም፤ ከዚህ ቢወጡ ማን ይቀጥራቸዋል?

ተመልሼ ቢሮው ገባሁ። በዚያች እንግሊዝኛዬ፣ እሳቸው ይፈልጋሉ፣ እንቢ ያሉት ለእኔ ብለው ነው አልኩት። ከፈለጉ ለምን አልፈልግም አሉ ሲለኝ፣ "እንደዚህ ነን" አልኩት። ሰውየውም እሺ፣ ሰኞ ይጀምሩ፣ አንቺስ አትፈልጊም ወይ አለኝ። ይቅርብኝ አልኩት። ደግሞ አልጠየቀኝም።

እርስዎ ግን እንዳይሰጉ። ዳውንታውን፣ መሃል ከተማው ያሉት ሆቴሎች ሠራተኛ እንፈልጋለን ብለው በራቸው ላይ ለጥፈዋል። አንዱ ተቀብሎኝ ከሰኞ ጀምሮ አልጋ አነጥፋለሁ። አልጋ የሚያነጥፍ ማሽን ገና አልተሠራም አሉ።

እትዬ ውድነሽን እጅ ነስታለች ይበሉልኝ። እሌኒ ለፈተናዋ በርቺ ተብላለች፤ ፀጋዬን ግንባሩን ይሳሙልኝ። እትዬ መብራትም ሳያውቁዎት ሰላም ብለዎታል።

እህትዎ ተናኘ
ካልጋሪ፣ ጥቅምት 2000 ዓ.ም.