በወርቃማ ክፈፍ የተሰቀለው የቅቤ ክልከላ

ለተከበሩ የሕፃናት ልብ ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን፤ በዚህ ሙቀት የቢሮዎ ማቀዝቀዣም አይጉደልብዎ። እኔ ከሆስፒታልዎ ርቆ ባለው በባሃዋልፑር ገበያ አርባ ዓመት ሙሉ በተነጠረ ቅቤ ጣፋጭ ስሠራ የኖርኩት ሂዳየቱላህ፣ ይህን የምጽፍልዎ ጮቤ እየረገጥኩ ነው። የሦስት ዓመት የልጅ ልጄ ሩባብ፣ ልቧ ተጠግኖ ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታልዎ በእግሯ ወጥታለች፤ ስትወጣም ዶክተሩን "አንተ ወፍራም" ብላዋለች። እንግዲህ ቅሬታዬ በደስታ ብዛት ቢዝረከረክ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ስላሰቀሉት የምግብ ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። ክፈፉ ወርቃማ፣ መስታወቱ ጥሩ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እኔ ኡርዱ ብቻ የማነበው ሰውዬ ፊቱ ቆሜ ፂሜን ሳበጥር ሰንብቻለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ቅባት የሚያመላልሰው ቀጭን መስመር ተነክቶ ኖሮ፣ ደረቷ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀም ስለነበር ጎኗ ላይ ቱቦ ተተክሎላት ነበር። በስድስተኛው ቀን ቱቦው ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አጥንቷ ገጦ ባይ አላስችል አለኝና በተፈቀደልኝ አሥር ደቂቃ ውስጥ ሐልዋ የምንለውን በቅቤ የራሰ ጣፋጭ ሁለት ማንኪያ አጎረስኳት። የታመመ በቅቤ ይጠገናል ሲባል ነው ያደግነው። በማግስቱ ቱቦው ወተት የመሰለ ነገር ያወርድ ጀመር።

ሦስተኛ፣ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሻሚም የልጅቷን ጣቶች አሸተቱና "ባባጂ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ አልቆጣም" አሉኝ። ነገርኳቸው። ተቆጡ።

"በሩ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?"

"የቱ? መስታወቱ ላይ?" አልኳቸው።

አጠገቤ ተቀምጠው፣ ቅባት በበላች ቁጥር ፈሳሹ እንደሚጨምር፣ ለስድስት ሳምንትም ቅቤ መቅመስ እንደሌለባት በፑንጃቢ አንድ በአንድ አስረዱኝ፤ ፈሳሹ በሁለት ሳምንት ካልቆመ ደረቷ እንደገና እንደሚከፈትም አልደበቁኝም። አርባ ዓመት ያኖረኝ የቅቤ ሽታ ያን ቀን አስጠላኝ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ያላወቁ አለቁ የሚባለው በገዛ እጄ በልጅ ልጄ ላይ ሊደርስ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቱቦው ደረቀ። ሲስተር ይህን ሲነግሩኝ ኮሪደሩ ላይ ጨፈርኩ። ጥበቃው "ሽማግሌ፣ ጸጥታ የሚለውን አታነብም?" ብሎ እየገፋ ሲያስወጣኝ፣ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ መሆኑን ሳሳየው ጥበቃው ራሱ ገና ያን ጊዜ አወቀ። ስለዚህ አራተኛውን ቅሬታ በእሱ ስም ያስመዝግቡልኝ።

ልብ የጠገኑትን እጆች ፈጣሪ ይባርክ፤ ክፈፉን የሠራውንም አይርሳው።

ለስድስት ሳምንት ከቅቤ የተፋታው ጣፋጭ ሠሪ፣ የመስታወትዎ ታማኝ ደንበኛ፣
ሂዳየቱላህ

ማስታወሻ፦ እኛ ስንወጣ ሩባብ በለቀቀችው አልጋ ላይ፣ ጎኑ ላይ እንደ እሷ ቱቦ ያለበት ሌላ ልጅ አስተኙ። አያቱ ማስታወቂያዎ ፊት ቆመው ሻርፓቸውን ሲያስተካክሉ ከጉያቸው የቅቤ ብልቃጥ ብቅ አለ። እኔ አስቆምኳቸው። ነገ ግን እኔ ባሃዋልፑር ነኝ።