አታስገቢ ያልከኝ ድመት

ሰይዴ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ ያለህበትን አላህ ሰፊና ብሩህ ያድርግልህ።

ከተለየኸኝ ሁለት ረመዷን አለፈ፤ ሦስተኛውም ሊገባ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ የቆየሁት የምነግርህ አጥቼ እንዳይመስልህ። እኔ ዘሀራ ወሬ አጥቼ አውቃለሁ? በየጁምዓው ዱዓ አደርግልሃለሁ፤ ግን ዱዓ ላይ ወሬ ማብዛት ደስ አይለኝም፣ ዋና ዋናውን ብዬ እነሳለሁ። የዛሬው ግን ተቀምጦ መጻፍ የሚፈልግ ነገር ነው። እስከ አስራ አንደኛ ክፍል የተማርኩት ለእንዲህ ያለው ቀን ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው!

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። በረንዳህ እንዳለ ነው። የስፌት መኪናህ ላይ አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ሳቅ እንግዲህ። ሱሪ መቁረጥ አሁንም አልደፍርም። የተማሪ ዩኒፎርም አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የመጋረጃ ጠርዝ እመታለሁ። የወልድያ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል። ከኋላ በኩል ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተደፍኗል። ልጃችን ከድጃ ውጫሌ ተመድባ ታስተምራለች፤ ሳምንት ሳምንት እየመጣች ታየኛለች፤ አነጋገሯ ቁርጥ አንተን ሆኗል፤ አንዴ ከተናገረች አትመለስም።

አሁን ወደ ዋናው። ቤት ውስጥ ድመት አለች።

ይኸው ተናገርኩት። ይህን ስጽፍልህ መቀሱ አጠገብ፣ የሰው ጨርቅ ላይ ተጋድማ አንድ ዓይኗን ከፍታ ታየኛለች። ደስ ብሎኛል ሰይዴ፣ ምን ልደብቅህ። ከሥራ ቀና ስል የማናግረው ነፍስ አገኘሁ። ጎረቤቶቼም ሳያመሰግኑ አልቀሩም፤ ወሬዬ ለሁለት ተከፍሎላቸዋል።

አንተ ግን አታስገቢ ብለኸኝ ነበር። ያልክበትንም ምክንያት አልረሳሁም፤ እንዲያውም ደብዳቤውን የምጽፈው ስላልረሳሁት ነው።

ዳማ፣ ያቺ ቡናማ ድመታችን፣ በረንዳችን ላይ መጥታ የቀረችው ከድጃ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነበር። ቁርጥራጭ ጨርቅ የምትጥልበት ካርቶን ውስጥ ገብታ ተኛች፣ አንተም ካርቶኑን ለቀቅህላት። አንድ ቀን የሙሽራ ሱሪ ላይ ተኝታብህ፣ እስክትነሳ ብለህ ሰውየውን ምሳውን በልቶ እንዲመለስ አድርገኸዋል። ተመልሶ ሲመጣም አልተነሳችም። “ኧረ ሰይድ፣ የሚያገባው እኔ ነኝ ወይስ እሷ?” ሲል በረንዳው በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ታመመች። መብላት ተወች፣ ሰውነቷ ጋለ። ድመት የሚያክም ሰው ያን ጊዜ አናውቅም፤ ብናውቅም የምንሄድበት አቅም አልነበረንም። አንተ ራስህን ሲያምህ የምትውጣትን ክኒን ለሁለት ሰበርክ፣ ግማሿን በማንኪያ ጀርባ አድቅቀህ በዓሣ መረቅ በጠበጥክላት። “እኔን ያሻለች እሷን ምን ታደርጋታለች” አልክ። አፏን ከፍቼ የያዝኩልህ እኔ ነኝ። በማግስቱ ፊቷ አበጠ፣ ድዷ ጠቆረ፣ ትንፋሽ አጠራት። ከሰዓት በኋላ ካርቶኗ ውስጥ ሞተች። እውነቱን የነገረን ቆይቶ ለከብት ክትባት የመጣ ሐኪም ነው፤ ያቺ ክኒን ለድመት መርዝ ናት፣ ቁራሿም ትገድላለች አለን። አንተ እጅህን አየህ። ያን ቀን ስፌት መኪናው ላይ አልተቀመጥክም።

ከዚያ ወዲያ ሕግ አወጣህ። “ማሳከም የማልችለውን ነፍስ ደጄ አላስገባም” አልክ፣ አላስገባህምም። ከድጃ የድመት ግልገል በደብተር ቦርሳዋ ይዛ መጥታ፣ እያለቀሰች ያመጣችበት መልሳለች። ጎረቤት ሲከራከርህ መልስህ ያው ነበር። ላም ብትታመም ባለቤቷ ወተቷ እንዳይቀርበት ሲል ይሯሯጥላታል፤ ድመትን ግን የምናስገባት ለራሳችን ደስታ ነው፤ ደስታው የእኛ፣ ሕመሙ የሷ ብቻ ከሆነ ሐቋን በላን፣ ነገ አላህ ፊት ቆማ ትጠይቀናለች ትል ነበር። ሰው ስቆብህ ያልፋል። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ይህን የምታወራው ስለ ዳማ እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ ይህቺ የአሁኗ ግራጫ ድመት በረንዳው ጫፍ ላይ ብቅ ስትል አንተ እንደምታደርገው አደረግሁ። ወር ሙሉ ሂጂ እያልኩ ውኃ ረጨሁባት። ሰው ሲሄድ ቃሉ ነው የሚተርፈን፣ እሱንም ካልጠበቅሁ ምን ቀረኝ ብዬ።

አንድ ጠዋት ግን አፏን መግጠም አቅቷት፣ ከከንፈሯ ነጭ ሲባጎ ተንጠልጥሎ መጣች። ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚያጸዱት ዘንድ የተጣለ የዓሣ ጭንቅላት ስትበላ፣ ውስጡ የቀረ መንጠቆ ይዟታል። ለሀጯ በደም ተቀላቅሎ ይዝረበረባል። ገባሁና በሩን ዘጋሁ። አዎ፣ ዘጋሁባት። በማግስቱም መጣች። ያን ጊዜ እጄ ወደ ስፌት መኪናው መሳቢያ ሄደ፤ ክኒኖችህ አሁንም እዚያ ነበሩ። ትንሽ ማስታገሻ ልስጣት ብዬ አንዷን አወጣሁ፣ የዳማ ፊት መጣብኝና መልሼ ወረወርኳት። እንግዲህ ሰይዴ፣ ይህችን መጀመሪያ ያዳናት ያንተ ጸጸት ነው።

የግድግዳ ጎረቤታችን ብርቄ ከበረንዳው ላይ ቆማ ሁሉን ታይ ኖሯል። “አንቺ ዘሀራ፣ ሰይድ ነፍሱን ይማረውና እንዳታስገቢ አለ እንጂ ቆመሽ እያየሽ ትሙት አለ እንዴ?” አለችኝ። ወዲያው ሐኪም ፍለጋ ወጣሁ።

እዚህ ሐይቅ ከተማ ያለው የከብት ሐኪም ገጠር ወጥቷል ተባለ። ለከድጃ ደወልኩ፤ ውጫሌ ዛሬ ሐኪም አለ፣ ነይ አለችኝ። ድመቷን በሰማያዊው ሽርጥህ ጠቅልዬ ዘንቢል ውስጥ አስቀመጥኳት። ያን ሽርጥ እስከዚያ ቀን አላጠብኩትም ነበር። ለብርቄ ሌላ ወፍራም ጨርቅ አጣሁ አልኳት፤ የልብስ ሰፊ ቤት ጨርቅ የሚታጣበት ይመስል! ላንተ እውነቱን ልንገርህ፤ አብረኸኝ እንድትሄድ ፈልጌ ነው።

ሚኒባሱ ላይ እስጢፋኖስ ገዳምን ተሳልመው የሚመለሱ ሽማግሌ ቄስ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ዘንቢሉ ሲንቀሳቀስ አይተው “ምንድን ነው የያዝሽው ልጄ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲያንገላታን ዘንቢሉን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። “እግዜር ይማርሽ” አሏት፣ እንደ ሰው። በሷ ፈንታ አሜን አልኩ።

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ በሬው፣ በጉ፣ አህያው ተሰልፏል። እኔ ከነዘንቢሌ አንድ ትልቅ ቀይ በሬ ኋላ ቆምኩ። የበሬው ባለቤት የአምባሰል ገበሬ ዘንቢሉ ውስጥ አጎንብሶ አየና፣ “እትዬ፣ ይህቺ ለእርሻ ናት ለወተት?” አለኝ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። “ለአይጥ ናት፤ የአንተ በሬ ስንት ይይዛል?” አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሰልፉ የእኔ ወገን ሆነ፤ ገበሬው ራሱ “በይ እለፊ፣ የኔ ቆሞ ይጠብቃል፣ ያንቺ ደም እየፈሰሳት ነው” ብሎ ተራውን ለቀቀልኝ።

ሐኪሟ ከከድጃ ብዙም አትበልጥም። ለድመት የሚሆን ማደንዘዣ የለኝም፣ ጠንክረው ይያዙልኝ አለችኝ። በሽርጥህ ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት። መንጠቆውን ወደ ኋላ አልጎተተችም፤ ወደፊት ገፋችና ጫፉ ሲወጣ እሾሁን በፒንሳ ቆረጠችው፣ ከዚያ የቀረው በቀላሉ ተሳበ። የቁርኣኑን ፋቲሃ አንዴ አንብቤ ሳልጨርስ አለቀ። ጩኸቷ ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ሐኪሟ እጇን እየታጠበች የሰው ክኒን ሰጥቻት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልሰጠሁም አልኩና የዳማን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳት፤ ሕግህንም ጨምሬ። በሬው ውጪ እየጠበቀ እኔ እዚያ ቆሜ የሞተ ባሌን ክርክር አመጣሁባት። አቅም የሌለው ሰው እንስሳ መያዝ አለበት ወይ አልኳት። “እትዬ፣ እዚህ የሚሰለፈውም ሁሉ ለሚመጣው በሽታ የሚበቃ አቅም የለውም፤ ዛሬ ያለውን ይዞ ይመጣል” አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ “ባለቤትዎም ግን አልተሳሳቱም፤ ነገ ለእሷ የሚሆን መድኃኒት አጥቼ ባዶ እጅዎን የምመልስዎ ቀን ሊኖር ይችላል” አለች። የማያጽናና እውነት ነው የነገረችኝ፤ ወደድኳት።

በመንገዴ ሁሉ ከአንተ ጋር ስከራከር መጣሁ። እውነትህን የማምንልህ አለ። የውሻ ክትባት ሰፈራችን ድረስ በነጻ መጥቶ ውሻውን ለመጎተት የሰነፈ ሰው አለ፤ ውሻውን ባጭር ገመድ አስሮ ልጆች ሲያሳብዱት የሚያይ አለ። እሱ አቅም ያጣ ሳይሆን ልብ ያጣ ነው፣ ውሻውን ቢነጥቁት አልከራከርም። ደግሞ ሳልደብቅህ፣ የዚህችም ሆዷ ገፋ ብሏል። አንዷን ልችል እችል ይሆናል፤ አራት አምስት ቢሆኑስ? እዚህ ላይ አሸንፈኸኛል። ብርቄ አንዱን እወስዳለሁ ብላለች፤ ስለ ሌሎቹ ከአሁኑ ሰው እያስጨነቅሁ ነው።

አሁን ደግሞ ሁለት ዓመት የዋጥኩትን ልንገርህ። ኩላሊትህ እምቢ ባለ ጊዜ አዲስ አበባ ሄደህ በየሳምንቱ የኩላሊት እጥበት ማድረግ እንዳለብህ ሐኪሞቹ ነገሩን። ያለንን ሸጠን ሄድን፤ ጥቂት ቆየን፤ ከዚያ በላይ አልቻልንም። ይዤህ ተመለስኩ። ያን ሰሞን ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ “አቅም የሌለው ቤት ታመምኩባችሁ፣ ሸክም ሆንኩብሽ” አልከኝ። እኔ ወሬኛዋ አንድ ቃል አጣሁ። ትራስህን አስተካክዬ ወጣሁ፣ በረንዳው ላይ አለቀስኩ። ምን ልልህ ይገባኝ እንደነበር ያወቅሁት ውጫሌ፣ በሬና በግ መሀል ቆሜ ነው።

በአንተ ሕግ ቢሆን እኔ አንተን ማግባት አልነበረብኝም። ማሳከም አልቻልኩማ! ከድጃንም መውለድ አልነበረብንም፤ ስትወለድ በእጃችን ምን ነበረን? ለሚመጣው ሁሉ መድኃኒት አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ቤት ይሥራ ቢባል፣ ከሐይቅ እስከ አምባሰል ስንት በረንዳ ጭር ባለ ነበር። ባልና ድመት አንድ ናቸው ወይ ትለኛለህ። አይደሉም። አንተ ሽማግሌ ልከህ ነው የመጣኸው፤ እሷ መንጠቆ አፏ ውስጥ ይዛ ብቻዋን መጣች።

ስለዚህ ሕግህን አልሻርኩትም፤ አሰፋሁት በለው፣ ጠቦህ ነበር። ሌላ ድመት አልደርብም። ክኒኖቹን ከመሳቢያው አውጥቼ ቆልፌባቸዋለሁ። አንተ አፍረህ የደበቅኸውን የዳማን ነገር እኔ ድመት ላለው ሁሉ ሳላፍር እነግራለሁ፤ ስምህንም እጠራለሁ፤ በዚህም የምትታወስ ሰው ትሆናለህ። ማሳከም የማልችልበት ቀን ሲመጣ በር አልዘጋባትም፣ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሐቋን ካጎደልኩ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ አንተ በዚህ አትጨነቅ። አንተንም አፌ ዱዓ እስከቻለ ድረስ ጁምዓ ሳልጠራህ አያልፍም።

ያን ቀን ሳልመልስልህ የወጣሁትን ደግሞ ይኸው እንካ፤ ሸክም አልነበርክም። እንደምትታመምና እንደማላሳክምህ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖርም፣ ሽማግሌዎችህን እሺ ብዬ አስገባቸው ነበር።

ዘሀራህ